በጎጃም ወንዞች ኃይል ማን ያተርፋል? ከጢስ ዓባይ እስከ በለስ እና ጨሞጋ፦ የጉዳይ ጥናት

ክርክሩ ሰሞኑን የተጀመረ ቢመስልም ሥሩ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የመንግሥት የኃይል አቅራቢ ድርጅት ቢትኮይን (በኮምፒዩተር ስሌት የሚፈጠር ዲጂታል ገንዘብ) ለሚያመርቱ የግል ኩባንያዎች ኤሌክትሪክ መሸጥ ሲጀምር ጉዳዩ ከባለሙያ ጠረጴዛ ወጥቶ የሕዝብ ሆነ። አንዱ ወገን «ውሃችን ለባዕድ ተሸጠ፤ ሽቦው በላያችን ያልፋል፣ እኛ በኩራዝ እናመሻለን» ይላል። ሌላው «ኃይል ተከማችቶ አይቀመጥም፤ ከሚባክን በዶላር ቢሸጥ ምን አለበት?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚከራከሩት በሽቦው ጫፍ ስላለው ገንዘብ ነው። ትርፉ የሚወሰነው ግን ከዚያ በፊት ውሃው ላይ ነው፤ በየትኛው በር፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል ይለቀቅ በሚለው። ጎጃም ይህን ለማየት የሚያስችል የተሟላ ማስረጃ አለው፤ አንድ ሐይቅ፣ አንድ ወንዝ፣ ሁለት መውጫ።

ሐይቁ እንዴት ጎተራ ሆነ

በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ከፏፏቴው በላይ ከወንዙ ጥቂት ውሃ ጠልፎ በቦይ ይወስድና በግፊት ቧንቧ ቁልቁል ወደ ተርባይን ይሰዳል። ውሃው ሥራውን ጨርሶ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ወደ ቦዩ የገባች ጠብታ በፏፏቴው ላይ አትወርድም። ያን ጊዜ የሚጠለፈው ትንሽ ስለነበር ማንም አልተጣላም። ጣና መስከረም ላይ ሞልቶ ይለቃል፣ ሰኔ ላይ ይሳሳል፤ ፏፏቴውም አብሮት ይሞላል፣ አብሮት ይከሳል።

በ1988 ዓ.ም. ባሕር ዳር አጠገብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ በር ግድብ ተሠራ። በ1993 አምስት በሮች ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ግድቡ አጭር ነው፤ ያዘዘው ግን ብዙ ነው። የጣናን ወለል ከባሕር ጠለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላል። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ ያ የሦስት ሜትር ልዩነት 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣና የኃይል ማመንጫ ጎተራ ሆነ፤ ቁልፉም በኃይል አመንጪው እጅ ገባ።

በዚያው በ1993 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተጨመረ፣ 73 ሜጋ ዋት። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሰከንድ ወደ 150 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በቀን ሲቆጠር 13 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ በሐይቁ ስፋት ሲካፈል በየቀኑ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ወለሉን ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለማቋረጥ ቢሠራ ግን ብቻውን አንድ ሜትር ያህል ያወርደዋል። ፀሐይ የምታተነው ደግሞ በበጋ ከዚህ የሚያንስ አይደለም።

የ1995 ዓ.ም. ነገር የተፈጠረው እንዲህ ነው። የ1994 ክረምት ደካማ ነበር፣ አገሪቱ በኃይል እጥረት በፈረቃ ትሠራ ነበር፣ ጨረጨራ ላይ ያለው ትእዛዝ «ልቀቁ» ነበር። ሰኔ 1995 ላይ የጣና ወለል ወደ 1,784.3 ሜትር ወረደ። መርከብ ለመንቀሳቀስ ቢያንስ 1,784.75 ያስፈልገዋል፤ ጉድለቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነበርና መርከቦቹ ቆሙ። በዳር ያለው ደንገል ሰፊ ቦታ ላይ ደረቀ፣ ዓሣው ቀነሰ፣ ውሃው የለቀቀውን መሬት ገበሬው አረሰው። ደንገል ማለት ለታንኳ ሠሪው ዕቃው፣ ለዓሣው መራቢያው ነው፤ አንዴ ከታረሰ ውሃው ቢመለስም እሱ ቶሎ አይመለስም።

ይህን ያደረገ የግል ኩባንያ አልነበረም። ትርፍ ይከፋፈላል የሚባል ባለአክሲዮንም የለም። የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ያደረገውም በመመሪያው መሠረት ኃይል ማምረት ነው። «የግል ስለሆነ ነው» የሚለው ክርክር ከዚህ ታሪክ ፊት አይቆምም። የጎደለው የሐይቁ ወለል ከዚህ በታች ከወረደ ማመንጨት ይቁም የሚል አስገዳጅ ወሰን፣ እና ወሰኑን ከኃይል አመንጪው ውጭ ሆኖ የሚያስከብር አካል ነው።

በለስ፦ ያው ውሃ፣ ስድስት እጥፍ ኃይል

በግንቦት 2002 የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። ውሃው የሚገባው በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ፣ በቁንዝላ በኩል ነው። ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚረዝም፣ 7 ሜትር ገደማ ዲያሜትር ባለው ዋሻ ይሄድና ከመሬት በታች ወዳሉት አራት ተርባይኖች ይወርዳል፤ እያንዳንዳቸው 115፣ በድምሩ 460 ሜጋ ዋት። ከዚያ በጃዊ በኩል በለስ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ለሸንኮራ እርሻ ይጠለፋል፣ የተረፈው ከሱዳን ድንበር በፊት ተመልሶ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ለሱዳንና ለግብፅ ወንዙ ያው ነው። ከባሕር ዳር እስከ ፏፏቴው ድረስ ላለው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግን ያው አይደለም።

ለምን ወደ በለስ? መልሱ ከፍታ ነው። የኃይል ቀመሩ ቀላል ነው፦ በሰከንድ የሚፈሰው ውሃ በሜትር ኩብ፣ ሲባዛ በከፍታው በሜትር፣ ሲባዛ በ9.81፣ ሲባዛ በማሽኖቹ ብቃት (0.9 እንውሰድ)፤ ውጤቱ በኪሎ ዋት ይወጣል። በጢስ ዓባይ ያለው ቁልቁለት ከ50 ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ግማሽ ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም። በበለስ በኩል 311 ሜትር አለ፤ ያው አንድ ሜትር ኩብ 2.7 ሜጋ ዋት ይሆናል። ስድስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ኢንጂነሩ ለምን በለስን እንደመረጠ ማንም በዚህ ስሌት ላይ ሊከራከረው አይችልም። በለስ ሲከፈት ሁለቱ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ተጠባባቂ ሆኑ፤ ፏፏቴው ደግሞ ከክረምት ውጭ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን የሚያሳፍር ቀጭን ክር ሆነ። ከጥር በኋላ የመጣ ጎብኚ ከፍሎ የሚያየው ጥቁር ገደል ነው። አስጎብኚው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ጌጥና ጥበብ የምትሸጠው ሴት ገቢያቸው ከበሩ ጋር አብሮ ይዘጋል።

460 ሜጋ ዋት የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። አራቱ ተርባይኖች በሙሉ አቅም በሰከንድ ወደ 160 ሜትር ኩብ ይጠጣሉ፤ ይህ በዓመት 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ከጣና በአማካይ የሚወጣው ግን 4 ቢሊዮን እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ በለስ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ጉልበት ሊሠራ ከቶ አይችልም፤ ሊሠራ ቢሞክር 1995 ይደገማል።

ለወንዙ ምን ይቀር? የፕሮጀክቱ የአካባቢ ጥናት በሰከንድ 17 ሜትር ኩብ አለ። በኋላ የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ተቋም ተመራማሪዎች ወንዙ በፏፏቴው አካባቢ ሕይወቱን እንዲጠብቅ ከዓመታዊው ፍሰት ቢያንስ 22 በመቶ፣ ማለትም ወደ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚያስፈልግ አሰሉ። በሰከንድ ሲመታ 27 ነው። በ17 እና በ27 መካከል ያለው 10 ሜትር ኩብ በበለስ በኩል ቢሄድ 27 ሜጋ ዋት ይሆናል። እውነተኛው ክርክር እዚህ ላይ ነው ያለው፤ መጠኑ ይታወቃል፣ ዋጋውም ይሰላል።

እናስላው። ለፏፏቴው የሚተወው 17 ሜትር ኩብ በበለስ በኩል ቢሄድ 46 ሜጋ ዋት ያህል ይሰጣል፤ በቀን 1,100 ሜጋ ዋት ሰዓት። ቢትኮይን አምራቾች በ2016 ይከፍሉት በነበረው ዋጋ፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ትንሽ ከፍ ባለው፣ በቀን 35 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በዓመት ከ12 ሚሊዮን በላይ። ይህ የፏፏቴው ዋጋ ጣሪያ ነው፤ ክረምት ላይ ሐይቁ ሲሞላና ውሃው በማንኛውም ሁኔታ የሚለቀቅ ሲሆን ኪሳራው ዜሮ ነውና እውነተኛው ቁጥር ያንሳል። አንዳንዶች «በቀን ብቻ ለጎብኚ ይለቀቅ» ይላሉ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን ጨረጨራ ከፏፏቴው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ውሃ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢሄድ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ለጠዋቱ ጎብኚ በሩ ማታ መከፈት አለበት፤ በመንገድ ላይም ማዕበሉ ተዘርግቶ ስለሚሳሳ ፏፏቴው ላይ ከሚፈለገው በላይ መልቀቅ ግድ ይሆናል። ከዚያም ሌላ የወንዙ ዓሣና የፏፏቴው ጭጋግ የሚያጠጣው ጫካ ፈረቃ አያውቁም።

ኩባንያው ከየት ይገባል

በ2016 አጋማሽ ላይ የኃይል አቅራቢው ከ21 ቢትኮይን አምራች ኩባንያዎች ጋር ውል እንዳለው ይታወቅ ነበር፤ አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። እነዚህ ኩባንያዎች ወንዝ ዳር አይቀመጡም፤ ከሰብስቴሽን (ከፍተኛው ቮልት ከሚወርድበት ጣቢያ) አጠገብ ነው የሚተከሉት። ኃይሉ ከአንድ ቋት፣ ከአገሪቱ የጋራ የኤሌክትሪክ መረብ፣ የሚቀዳ በመሆኑ «የበለስ መብራት ለቢትኮይን ሄደ» ብሎ ማንም በማስረጃ ሊያረጋግጥ አይችልም። የሕዳሴው ግድብም፣ ጊቤም፣ በለስም እዚያው ይቀላቀላሉ። ይህን ሳያዩ የሚቀርብ ክስ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል፤ ለጎጃም ጉዳይም አይጠቅምም።

የሚረጋገጠው ሌላ ነው። አንድ የቢትኮይን ማሽን 3.3 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፣ የአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያህል። ምጣዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይበራና ይጠፋል። ማሽኑ አይጠፋም፤ ሌሊትም፣ እሑድም፣ በግንቦት ሐይቁ ሲጎድልም። በቀን 79 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በበለስ የሚወርድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ አምስት በርሜል ማለት ነው፣ 0.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚሰጥ አንድ ማሽን በቀን ከ500 በርሜል በላይ የጣና ውሃ ቢፈስ ነው የሚሠራው። በዚያው የ2016 ዋጋ የሚከፍለው 2 ዶላር ተኩል ገደማ። አንዷ በርሜል ስትሰላ የአሜሪካ ግማሽ ሳንቲም አትሞላም።

ትርፍ ኃይል በክረምት መሸጥና በማይቋረጥ ውል ዓመቱን ሙሉ መሸጥ አንድ አይደሉም። በነሐሴ ሲፈስስ የነበረውን ውሃ ገንዘብ ማድረግ ብልህነት ነው። የማይቋረጥ ጭነት ግን በበጋ ጎተራውን ያስከፍታል። ውሉ «የሐይቁ ወለል ከዚህ ሲወርድ፣ ወይም የቤተሰብ ፍጆታ ሲጨምር፣ ያለ ካሳ ይቆረጣል» ካላለ፣ ወጪው ወደ ሐይቁና ወደ ቤተሰቡ ይዞራል።

ታዲያ ኩባንያው በወራት ሲገናኝ ቀበሌው ለምን ዓመታት ይጠብቃል? በለስን ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ጋር አያይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መስመር 400 ሺህ ቮልት ነው። ከእርሱ ላይ ሽቦ ቀጥሎ ቤት ማብራት አይቻልም። መጀመሪያ ሰብስቴሽን ተሠርቶ ወደ 33 ወይም 15 ሺህ ቮልት መውረድ አለበት፤ ከዚያ በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ እስከ ቀበሌው፤ ከዚያ ትራንስፎርመር፤ ከዚያ ቆጣሪ። ኩባንያው 20 ሜጋ ዋት በአንድ ቦታ ይገዛል፣ የራሱን ትራንስፎርመርና መስመር በራሱ ገንዘብ ይተክላል፣ በዶላር ይከፍላል። ያው 20 ሜጋ ዋት ለገጠር ሲሰጥ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር 200 ትራንስፎርመር ገደማ ይፈልጋል። በአንዱ ላይ ከሠላሳ ብዙ የሚበልጥ ምጣድ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከተሰካ ፊውዙ ይበጠሳል፣ ሲደጋገም ጥቅልሉ ይቃጠላል፣ ምትክ እስኪመጣ ቀበሌው ጨለማ ነው። ለሥርጭት የሚውል ገንዘብ ካልተመደበ ኩባንያውን ማባረር ብቻውን አንድ ቤት አያበራም። ከኩባንያው ከሚገኘው ዶላር ላይ ተቆርጦ ለሥርጭት መስመር በስም ቢመደብ ግን ያበራል፤ ሕዝቡ ሊጠይቅ የሚገባውም ይህን ነው።

የውሃው ዋጋ የት ጠፋ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ በፈቃድ እንደሚያዝ፣ ለአጠቃቀሙም ክፍያ ሊጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ተግባሩ ላይ ግን ተርባይን ውስጥ ገብቶ የሚወጣው ውሃ በኤሌክትሪክ ዋጋ ላይ ራሱን ችሎ አይታይም። ዋጋ የሌለው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ትርፍ ይሆናል፤ ዛሬ ለመንግሥት ድርጅቱ፣ ነገ ለግሉ። ክልሉም ሆነ ጢስ ዓባይና ቁንዝላ ያሉባቸው ወረዳዎች በመነጨው ኃይል ልክ የሚያገኙት ድርሻ አልተደነገገም። አንቀጽ 98 በከፍተኛ የማዕድን ሥራና በነዳጅ ላይ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ (ሀብቱን ለማውጣት የሚከፈል ድርሻ) የፌዴራሉና የክልሎች የጋራ ያደርጋል፤ የወንዝ ኃይልን አይጠቅስም። ወርቅ የወጣበት ድርሻ አለው፣ ውሃ የወረደበት የለውም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል በዘፈንና በተረት ይታለፋል፤ እዚህ ግን የሕግ ክፍተት ነው፣ ሊሞላም ይችላል።

ጨረጨራን ማን ያዝዛል የሚለውም ገና አልተቋጨም። በተፋሰስ ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 534/1999 መሠረት መቀመጫውን ባሕር ዳር ያደረገ የዓባይ ተፋሰስ ባለሥልጣን ተቋቁሞ ነበር። በኋላ ወደ አገር አቀፍ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ተጠቃለለ፣ እሱም ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። ውሃ ከፋፋዩ ከኃይል ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሲኖር ፍርዱ ወዴት እንደሚያጋድል መገመት አይከብድም። በላይኛው ተፋሰስ ደግሞ የመስኖ ፍላጎት እየጨመረ ነው፤ መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋ ብቻ 7,000 ሄክታር ያጠጣል። መስኖው በጨመረ ቁጥር ወደ ሐይቁ የሚገባው ይቀንሳል፣ ከሐይቁ የሚጠበቀው ግን ባለበት ነው።

ጨሞጋ የዳ፦ ገና ያልተፈረመው

እስካሁን ያለው ሁሉ የመንግሥት ጣቢያ ታሪክ ነው። በጎጃም የግል ባለሀብት በቀጥታ ወንዝ ላይ የሚገባበት ዕድል የተከፈተው በጨሞጋ የዳ ነው። ወንዞቹ ከጮቄ ተነሥተው በደብረ ማርቆስ አካባቢ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ዕቅዱ በሁለት ደረጃ 280 ሜጋ ዋት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት ለቻይና ሥራ ተቋራጭ ተሰጥቶ ሳይገነባ ቀረ፤ በኋላ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ሲወጣ ለግል ባለሀብት ከቀረቡት የውሃ ኃይል ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ።

እንዲህ ባለ ውል ኩባንያው ይገነባል፣ ያመነጫል፣ ለመንግሥት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመት ይሸጣል፣ ከዚያ ያስረክባል። ሦስት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው ውሃ ሲጎድል ማን ይከስራል የሚለው ነው። ክፍያው በዝግጁነት ላይ ከሆነ ተርባይኑ ቆሞም ይከፈላል፤ በመነጨው ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ከሆነ አደጋው የኩባንያው ነው፣ ነገር ግን ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ገንዘቡ ነው፤ ውሉ በዶላር ሲሆን ታሪፉ በብር ነው፣ ብር በወረደ ቁጥር ልዩነቱን ሕዝቡ ይሸከማል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ፣ ግን ከሁሉ ያነሰ ወሬ የሚወራበት ነው። ለወንዙ የሚተወው ውሃ በፊርማው ቀን በቁጥር ካልተጻፈ፣ በኋላ ወረዳው «ከግድቡ በታች ያለው መስኖ ደረቀ፣ ልቀቁ» ቢል የተለቀቀው ውሃ እንደመነጨ ኃይል ተቆጥሮ ለኩባንያው ካሳ ይከፈላል። በጨረጨራ ስሕተትን ለማረም አንድ የመንግሥት ደብዳቤ ይበቃል። በግል ውል ውስጥ ያው ስሕተት በዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት የሚከፈል ዕዳ ነው። የግል መሆን ልዩነት የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የረሳኸውን ሁሉ ያስከፍላል።

ጨሞጋ ደግሞ ለመርሳት ጊዜ የማይሰጥ ወንዝ ነው። ከ1952 እስከ 1991 ዓ.ም. ባለው የፍሰት መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት የበጋ ውሃው እየቀነሰ መምጣቱን አሳይቷል፤ የዝናቡ መቀነስ ብቻውን ይህን አያብራራም። ረግረጉ ታርሷል፣ ግጦሹ ተራቁቷል፣ ባሕር ዛፉ በዝቷል። በድሮ አማካይ ተሰልቶ የሚፈረም ውል ገና ከመጀመሪያው የሌለ ውሃ ይሸጣል። ስለዚህ ከጨረታው በፊት ቢያንስ ይህ መሠራት አለበት፦ በየወንዙ ላይ የፍሰት መለኪያ ተተክሎ የበጋው ልክ በየቀኑ ይመዝገብ፤ ከግድቡ በታች ያለው መስኖ፣ የከብት ማጠጫና የመጠጥ ውሃ በወር በወር ይቆጠር፤ ድምሩ በሊትር በሰከንድ በውሉ አባሪ ውስጥ ይግባ፤ በግድቡ ሥር መዝጊያ የሌለው ቀዳዳ በዚያ መጠን ይሠራ። ቀዳዳው በኮንክሪት ውስጥ ሲቀር ማንም ጠባቂ ማታ መጥቶ አይዘጋውም፣ ገበሬውም ለመለካት ከግድቡ በታች ያለውን የውሃ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳ ቆሞ ማንበብ ይበቃዋል።